ሳይደርቅ በርጥቡ፦ የጠፋ የብድር አመኔታን መልሶ መገንባት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ብድር ነው። ስለ አዲስ ብድር አወሳሰድ ግን አይደለም። በድርቁ ዓመታት ዕዳ ተበላሽቶባቸው ከአበዳሪ ጋር የተቆራረጡ ወገኖች አመኔታቸውን እንዴት መልሰው እንደሚገነቡ፣ ያ አመኔታም ገቢ በሚቋረጥበት ቀን እንዴት ቤተሰብን እንደሚያቆይ እንነጋገራለን።

ነገሩን ከዱብሉቅ እንጀምር። ዱብሉቅ ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የከብት ገበያ ከተማ ናት። ስሟ ቱላ ኤላ ከሚባሉት ከዘጠኙ የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ጋር አብሮ ይነሳል። ገበያው የሚያኖረው ከብቱን ነድቶ የመጣውን አርብቶ አደር ብቻ አይደለም። ደላላው፣ መኪና ላይ የሚጭነው ወጣት፣ ሻይ የምታፈላው እናት፣ ወተት አከፋፋይዋ፣ ባለ ሞተር ሳይክሉ፣ ባለ ሱቁ፣ ሁሉም የሚያድሩት ከብት ሲሸጥና ሲገዛ ነው። ስለዚህ ከብት ሲያልቅ የሁሉም ገቢ በአንድ ጊዜ ይነጥፋል።

ይህን በቅርቡ አይተነዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ጊዜያት አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አጭሩ የዝናብ ወቅት ሀጋያ ቀረ፣ ዋናው የዝናብ ወቅት ገና ቀረ፣ እንደገናም ሀጋያው ቀረ። በቦረና ዞን ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት መሞታቸውን የዞኑ ባለሥልጣናት በወቅቱ ተናግረዋል። ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ቤተሰቦች ከየመንደሩ ተነስተው በዱብሉቅ መጠለያ ጣቢያ ሰፈሩ። ዝናቡ የተመለሰው መጋቢት 2015 ላይ ነው። ዝናብ ሣርን በሳምንታት ውስጥ ይመልሳል። የከብት መንጋን ለመመለስ ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። የተበላሸ ዕዳ ደግሞ ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አይስተካከልም።

በድርቅ ጊዜ ቤተሰብን የሚጎዳው የእንስሳት ሞት ብቻ እንዳልሆነ የገበያ ሰው ያውቃል። ከብት ሲከሳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ሳምንት የበቆሎና የዱቄት ዋጋ ይወጣል። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ አባወራ ነገ የምትወልደውን ጊደር ዛሬ በርካሽ ይሸጣል። ጥቂት ብር በጊዜ የሚያበድረው ያገኘ ሰው ግን አንድ ሁለቱን ፍየል ሸጦ፣ የቀረውን በብድር ሞልቶ፣ የመራቢያዋን ላም ሊያተርፍ ይችላል። ድርቁ ሲያልፍ በሁለቱ ቤቶች መካከል የሚታየው ልዩነት ሰፊ ነው። አንደኛው ከዜሮ ይጀምራል፤ ሌላው ከላሟ ይጀምራል። በጊዜ መበደር የሚችለው ደግሞ ድርቁ ከመግባቱ በፊት በአበዳሪ ዘንድ የታመነ ሰው ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ መታመንን እንደ ሀብት መቁጠር ለቦረና ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ዳባሬ የሚባለውን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። ከብት ያለው ሰው ለሌለው ወገኑ የምትታለብ ላም ይሰጠዋል። ወተቱን የተቀበለው ቤተሰብ ይጠጣል፤ ላሟም ጥጃዋም የባለቤቷ ሆነው ይቆያሉ። በሌላ በኩል ቡሳ ጎኖፋ አለ። ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ተሰብስቦ መልሶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ሰውየው ሳይጠየቅ አይታለፍም። ከብቱ እንዴት አለቀ? ድርቅ ነው ወይስ ቸልተኝነት? እሱስ ሲኖረው ለሌላው ምን አድርጎ ነበር? እንግዲህ ዛሬ ባንክ የሚጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ የጎሳ ሽማግሌዎች ድሮም ይጠይቁ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት አንድ ወሰን አለው። ዳባሬም ሆነ ቡሳ ጎኖፋ የሚሠሩት አንዱ ሲያጣ ሌላው ሲኖረው ነው። በሽታ የአንዱን በረት ሲመታ የጎረቤቱ ይተርፋል፤ ያካፍለዋል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. እንደታየው የሁሉም ከብት በአንድ ላይ ሲያልቅ ግን ሰጪና ተቀባይ አንድ ይሆናሉ። በዚያን ቀን የሚረዳው የዱብሉቅ ዝናብ ሲቀር አብሮ የማይደርቅ ገንዘብ ነው። ለዚህም ነው ከባንክ፣ ከብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ያለ ግንኙነት የሚያስፈልገው። ገንዘባቸው የተሰበሰበው ዝናብ ከዘነበበትም ካልዘነበበትም አገር ነውና። ይህ የአባቶችን ሥርዓት ለመተካት አይደለም፤ ሥርዓቱ በማይደርስበት በኩል ለማገዝ ነው።

ነገሩ በዚሁ አካባቢ ተሞክሮ ታይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ የአሜሪካው የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሌሎች አጋሮች በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ቆላማ ቦታዎች የአርብቶ አደሩን ችግር የሚያጠና ፕሮጀክት ነበራቸው። አጥኚዎቹ በሰሜን ኬንያ ሴቶች በቡድን ተደራጅተው፣ እየቆጠቡና እየተበዳደሩ ኑሯቸውን እንዳሻሻሉ አዩ። ከዚያም ከቦረና አካባቢ ሴቶችን ድንበር አሻግረው ወስደው ከኬንያዎቹ ጋር አገናኟቸው። የቦረና ሴቶች እንደነሱ ድህነትን ከታገሉ ሴቶች ተማሩ። ሲመለሱ ቡድን መመሥረት ጀመሩ፤ የቡድኖቹ ቁጥር 59 ደረሰ። ከ2,000 በላይ ከሆኑት አባላት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

እነዚህ ቡድኖች የሄዱበትን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። መጀመሪያ ቆጠቡ። ከዚያ እርስ በርስ ትንሽ ትንሽ ተበዳደሩ፤ መለሱ። ብድር ከውጭ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በብድሩ ፍየልና በግ ነገዱ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ አነስተኛ ንግድ ጀመሩ፤ ብድሩንም በአብዛኛው መለሱ። ከ1997 እስከ 2000 ዓ.ም. አካባቢው እንደገና በድርቅ ሲመታ፣ የቡድን አባላቱ ካልተደራጁት በተሻለ ሁኔታ ችግሩን እንደተቋቋሙ አጥኚዎቹ አረጋገጡ። ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው ታዋቂ የምርምር መጽሔት ታትሟል። መሬትም ቤትም ማስያዝ የማይችሉ ሴቶች የታመኑት ብድራቸውን በደንብ በመመለሳቸው ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዛሬው አሠራር እንለፍ። በዚህ ዘመን የተበዳሪ ታሪክ በአንድ ሹም ጭንቅላት ውስጥ ወይም በአንድ ቅርንጫፍ መዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ የሚሰበስብበት ማዕከል አለው፤ አበዳሪዎች አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ከዚያ ያጣራሉ። በባንክ አሠራር ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል። ስለዚህ ያቤሎ ላይ የተበላሸ ስም ሞያሌ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ ሲሄዱም ይከተላል። የስልክ ብድርም እንዲሁ ነው። በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ የተባለውን ብድር፣ እንደኪሴ የተባለውን የክፍያ ማሟያና ሳንዱቅ የተባለውን ቁጠባ አመጣ። እዚያ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው መጠን የሚወሰነው በስልኩ ባደረገው የገንዘብ እንቅስቃሴና ብድሩን በመለሰበት ሁኔታ ነው። ሲም ጥዬ ሌላ ሲም ባወጣ አመልጣለሁ የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሲሙ የወጣው በመታወቂያ ነው። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ እየተስፋፋ ሲሄድ ደግሞ አንድ ሰው በየተቋሙ በተለያየ ስም መታየቱ ይቀራል።

ይህ ምዝገባ የሚያስፈራ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። በደንብ የከፈለውንም ይመዘግባል። ድሮ አንዲት ወተት ነጋዴ 10 ዓመት ሙሉ ዱቤዋን ሳታዛንፍ ብትከፍል ይህን የሚያውቀው ባለ ሱቁ ብቻ ነበር። ዛሬ ገንዘቧን በሒሳብ ደብተር ወይም በስልክ ካንቀሳቀሰች እንቅስቃሴዋ ራሱ ይመሰክርላታል። ሕጉም ለአርብቶ አደሩ በር ከፍቷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳትንና ሰብልን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። ቤትና ካርታ የሌለው ሰው በከብቱ ሊበደር የሚችልበት ሕግ አለ ማለት ነው። ከብት ማስያዝ ግን ከብት ማጣትን ሊያመጣ እንደሚችልም አትርሱ።

እሺ፣ ድርቁ ስሜን አበላሽቶታል፤ አሁን ምን ላድርግ ለሚል አድማጭ መንገዱን ደረጃ በደረጃ እናሳይ።

አንደኛ፣ ዕዳችሁን ቁጠሩ። ብዙ ሰው ዕዳውን በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል፤ በጭንቅላት የተያዘ ዕዳ ደግሞ ወይ ከልክ በላይ ያስጨንቃል ወይ ይረሳል። የሱቅ ዱቤ፣ የስልክ ብድር፣ የብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የማኅበር፣ የዘመድ፣ ሁሉንም በወረቀት ላይ አስፍሩ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ። ከእያንዳንዱ ጎን ስንት እንደቀረ፣ መቼ መከፈል እንደነበረበትና ማን ዋስ እንደሆነ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ አበዳሪው ሳይመጣ እናንተ ሂዱ። የሚጠፋ ተበዳሪና ቀርቦ ቸግሮኛል የሚል ተበዳሪ በአበዳሪ ዓይን አንድ አይደሉም። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ትንሽም ብትሆን የምትከፍሉትን ይዛችሁ፣ በየወሩ ወይም በየገበያው ስንት መክፈል እንደምትችሉ አስባችሁ ሂዱ። የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ጠይቁ። ከተስማማችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ወለዱና መቀጫው ምን እንደሚሆን እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ፣ እናንተው ጠይቃችሁ ተረዱ።

ይህ ልመና እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባንግላዴሽን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከአገሪቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ሸፍኖ ነበር። ለድሆች በማበደር የሚታወቀው የግራሚን ባንክ ብዙ ደንበኞች መክፈል አቃታቸው። ባንኩ ከዚያ በኋላ ባደረገው ለውጥ፣ የተቸገረ ተበዳሪ ክፍያው አንሶ፣ ጊዜው ረዝሞለት የሚከፍልበትን መንገድ አበጀ። በዚያ መንገድ በትክክል የከፈለ ሰው ወደ መደበኛው የብድር ደረጃ ይመለሳል። አበዳሪ ከጠፋ ተበዳሪ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚከፍል ተበዳሪ ይሻለዋል፤ ባንኩም ይህንን ስላወቀ ነው አሠራሩን የለወጠው።

ሦስተኛ፣ የትኛው ዕዳ ይቅደም የሚለውን ወስኑ። ጊዜው ባለፈ ቁጥር ክፍያው የሚጨምረው ይቅደም። ቀጥሎ ሌላ ሰው ዋስ የሆነበት ወይም በቡድን የተወሰደው ይሁን። በቡድን ብድር አንዱ ካልከፈለ ጓደኞቹም ተዘግቶባቸው ይቀራሉ፤ የእናንተ ዕዳ የጎረቤታችሁን በር የዘጋ ከሆነ ብድሩን ብቻ ሳይሆን ጉርብትናውንም እያበላሸ ነው። የዘመድ ዕዳ ሊቆይ ይችላል፤ ዝም ተብሎ ግን አይቆይም። ለዘመድም ቀኑን ተናግሮ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት በከተማው ሻይና ቂጣ የምትሸጥ እናት አለች እንበል። የሱቅ ዱቤ 3,000 ብር፣ የስልክ ብድር 1,500 ብር፣ ከብድርና ቁጠባ ተቋም በቡድን ከወሰደችው የቀረ 7,000 ብር፣ የአጎቷ 4,000 ብር አለባት። ድምሩ 15,500 ብር ነው። ከቤት ወጪዋ የሚተርፋት በወር 1,500 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የስልኩን ትዘጋለች። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ለተቋሙ 800፣ ለሱቁ 500 ትከፍላለች፤ 200 ብር ትቆጥባለች። በሰባተኛው ወር የሱቁ ያልቃል፤ ያ 500 ብር ወደ አጎቷ ይዞራል፤ የተቋሙ ሲያልቅ ደግሞ 800 ብሩም ወደ አጎቷ ይዞራል። ሁሉም ዕዳዋ ወለዱ ሲታከልበት ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። በእጇም ከ2,000 ብር በላይ ቁጠባ ይኖራታል። ገቢዋ አልጨመረም፤ የተለወጠው የአከፋፈሏ ሥርዓት ነው።

አራተኛ፣ ማስረጃ ያዙ። ደረሰኝ፣ የቁጠባ ደብተር፣ የስልክ መልእክት አይጥፋ። ብድር ሲያልቅ ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። የከፈላችሁት ሳይመዘገብ ከቀረ የሚከራከርላችሁ ያ ወረቀት ነው።

አምስተኛ፣ ከትንሽ ጀምራችሁ ታሪክ ሥሩ። ዕዳው ካለቀ ወይም በስምምነት ከተያዘ በኋላ በሴቶች የቁጠባ ቡድን፣ በእቁብ፣ በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ግቡ። ሳታቋርጡ ቆጥቡ። ትንሽ ተበደሩና በቀኑ መልሱ፤ ከዚያ ቀጣዩን ጠይቁ። ወለድ በሃይማኖቱ ያልተፈቀደለት አድማጭም ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ቅርንጫፍ ሄዶ ሒሳብ መክፈትና እዚያው ታሪክ መጀመር ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ከማስጠንቀቂያዎቹ ዋና ዋናዎቹን በአጭሩ እንንገራችሁ። ብድርን በሌላ ብድር አትክፈሉ፤ በተለይ ወደ አራጣ አበዳሪ አትሂዱ። አራጣ በሕግ ወንጀል ነው፤ ለተበዳሪውም በረት ማስረከቢያ ነው። ስማችሁንና መታወቂያችሁን ለሌላ ሰው ብድር አታውሱ። ዋስ ስትሆኑ ደግሞ ያ ዕዳ ነገ የእናንተ ሊሆን እንደሚችል አውቃችሁ ፈርሙ።

ሌላው ትልቁ ነገር ብድር መቼ እንደማይረዳ ማወቅ ነው። ድርቁ ከተባባሰ በኋላ መኖ ለመግዛት የተወሰደ ብድር ብዙ ጊዜ ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ ከብቱም ይሞታል፣ ዕዳውም ይቀራል። ዝናቡ እንደሚዘገይ ሲታወቅ፣ ከብቱ ሥጋ እያለው የተወሰነውን ሸጦ ገንዘቡን በባንክ ማስቀመጥ ከዚያ ይሻላል። ስለዚህ መከላከያዎቻችንን በተራ እናስቀምጣቸው። የመጀመሪያው ቁጠባ ነው። ሁለተኛው መድን ነው፤ በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ጋር ያስጀመረው፣ የግጦሹን መድረቅ በሳተላይት አይቶ የሚከፍል የእንስሳት መድን አለ። ሦስተኛው ብድር ነው። ብድር ቁጠባውና መድኑ ያልሸፈኑትን ክፍተት ይሙላ እንጂ የእነሱን ቦታ አይውሰድ።

ቱላ ኤላን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ኤላ የሚጠረገውና የሚጠገነው ጥማቱ ሳይጠና ነው፤ ከብት ተሰልፎ እያገሳ ጉድጓድ አይቆፈርም። ተራ የሚደርሰውም በቁፋሮውና በጥገናው ቀን የተገኘው ነው። የብድር አመኔታም የሚጠገነው ገበያው ሲደራ፣ ወተቱ ሲትረፈረፍ፣ በእጃችሁ ጥቂት ብር ሲገባ ነው። ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚቀርብ ልመና ያለ ታሪክ የሚሰማው አያገኝም። አባቶች ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ስለዚህ ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብንባል ይህን እንላለን። በዚህ ሳምንት ዕዳችሁን በወረቀት ላይ አስፍሩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከአበዳሪዎቻችሁ አንዱን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ትንሽም ቢሆን ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። የቁጠባ ቡድን አባል ያልሆናችሁ እናቶችና እህቶች፣ በየሰፈራችሁ ያለውን ጠይቃችሁ ግቡ፤ ከሌለ ከምታምኗቸው ጎረቤቶች ጋር ጀምሩት። ሽማግሌዎቻችንም በቡሳ ጎኖፋ ስብሰባ ላይ ከብት ስለማቋቋም ስትመክሩ፣ ዕዳ ስላሰረው ወጣትም ምከሩ፤ ከአበዳሪው ጋር የሚያስታርቀው ሰው ይፈልጋልና።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)